«በራሱ» የምትለዋ ቃል፦ የመምህር ቀናው አያና የሕይወት ታሪክ

መምህር ቀናው አያና ከአባታቸው ከአቶ አያና በዳዳና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዲንቄ ኦላና በ1942 ዓ.ም. አቃቂ በሰቃ ተወለዱ። አባታቸው የባቡር እሳት አንዳጅ ነበሩ። «ያልበላ ባቡር አይሄድም» ይሏቸው ስለነበር፣ የመጀመሪያውን የፊዚክስ ትምህርት የቀሰሙት ከእሳቸው ነው።

በ1964 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው እዚያው አቃቂ ፊዚክስ ማስተማር ጀመሩ። በ1969 ዓ.ም. ከወ/ሮ መሰለች ጋር ጋብቻ መሥርተው አንዲት ልጃቸውን ሊዲያን ወለዱ።

የሙቀትን ሕግ ሲያስተምሩ ማስረጃውን በእጅ ሳያስነኩ አያልፉም ነበር። ተማሪውን በብስክሌት ፖምፓ ጎማ ያስነፉትና የፖምፓውን ብረት አስነክተው፣ «ጉልበትህ የት ሄደ? ይኸው እዚህ ነው፤ አልጠፋም» ይሉታል። ቀጥለው ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ ቀላቅለው ይለኩና በደብተራቸው ይመዘግባሉ። «ይህ ለብ ያለ ውሃ በራሱ ተለያይቶ ግማሹ ሲፈላ ያሳየኝ፣ የእጄን ሰዓት ይወስዳል» ይሉ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰዓቱን የወሰደ አልተገኘም። በፈተና ላይ «ሙቀት ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ በራሱ አይሄድም» የሚለውን ሕግ ሲጽፍ «በራሱ» የምትለዋን ቃል የዘለለ ግን ሁለት ማርክ ያጣል፤ ለገዛ ልጃቸውም አላዘኑላትም።

በ1988 ዓ.ም. ሊዲያ ክፍላቸው ተመድባ ስትማር እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አልዓዛርስ? አራት ቀን ቀዝቅዞ አልነበር?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያም «በራሱ አልሞቀም፤ ተጠርቶ ነው» አሏት።

በ2002 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ብዙም ሳይቆዩ የልብ ድካም አልጋ ላይ ጣላቸው፤ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2004 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ሊዲያ እጃቸውን ይዛ ነበር። እጃቸው ለብ እንዳለ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ የክፍሉን ቅዝቃዜ ያዘ። እናቷ «ይበቃል ልጄ፣ እጃቸውን ልቀቂ» ቢሏትም እያሻሸች እምቢ አለች። ሕጉን ከማንም በላይ የምታውቀው ልጅ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ሕጉ እንዲሳሳት ለመነች። አልተሳሳተም። ሰዓቱ ዛሬ በእሷ እጅ ላይ ነው፤ አሸንፋ ግን አልወሰደችውም።

መምህር ቀናው ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ሊዲያን፣ የልጅ ልጃቸውን ዘአማኑኤልንና ቁጥር የሌላቸውን ተማሪዎቻቸውን ጥለው ሄደዋል። ሐዘናችን ከአቅማችን በላይ ነው። በራሳቸው እንደማይነሡ እሳቸው ራሳቸው አስተምረውናል። አልዓዛርን በስሙ የጠራ ጌታ፣ መምህራችንንም በስማቸው እስኪጠራቸው ድረስ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን።