የቧንቧውን ድምፅ ስላጸዱልን

ለተከበሩ ወንድም ቢንያም፣
የዓርብ ኅብረታችን የድምፅና የምስል ክፍል ኃላፊ፣
ጅሊብ አል ሹዩኽ

ጤናዎ፣ የቤተሰብዎ ሰላምና የአዲሱ ኮምፒውተርዎ ደኅንነት እንደተጠበቀ ተስፋ በማድረግ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በጌታ ቸርነት ደህና ነኝ፤ የሚያሰጋኝ የአንድ ካሴት ጤና ብቻ ነው።

እንደሚያውቁት እኔ በዚህ በዐረብ አገር ሻርቅ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነኝ፤ ባለቤቴ አሰለፈች ደግሞ ሙባረክ አል-ከቢር ሰፈር በሰው ቤት ትሠራ ነበር። የዓርብ ዕረፍት ስላልነበራት እንደ ብዙዎቹ እህቶች ኅብረቱን የምትካፈለው በስልክ ነበር። እኛ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገን ከዘማሪዎቹ መካከል ወንበር ላይ እናስቀምጠዋለን፤ እርሷ አሠሪዋ ማዳም እንዳትሰማት የወጥ ቤቱን ቧንቧ ለቅቃ፣ ዕቃ እያጠበች ሁለተኛውን ድምፅ ትዘምራለች። ከዓርብ ገበያ በገዛሁት ቴፕ አንድ ዓርብ በካሴት የቀዳሁት ይህንኑ ነው። አሰለፈች ዐረፈች፣ ዓመት ሆናት፤ ሕመሙ ሳምንት እንኳ አልሰጣትም። ከአዝራር ስልክ በቀር ስላልተፈቀደላት የድምፅ መልእክት ልካልን አታውቅም፤ ስለዚህ ድምፅዋ የቀረው በዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩. የኅብረቱን ዐሥረኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ካሴቶቻችንን ወደ ዲጂታል ስለቀየሩልን እጅግ አመሰግናለሁ። የቴፑ ኮሽታ፣ የስልኩ ጩኸት፣ የቧንቧው ውሃ ሁሉ ድራሹ ጠፍቷል። ኮምፒውተርዎ አሰለፈችንም ከውሃው ጋር አብሮ ጠርጓታል።

፪. ይህንን ባመለክትዎ ሲስተሙ የሰውን ድምፅና ጩኸትን ለይቶ እንደሚያውቅ በትዕግሥት ስላስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት በትዳር የኖርኩ ሰው ብሆንም ከሲስተም አልበልጥም።

፫. በተረፈው ባዶ ቦታ የኮምፒውተር ከበሮ ጨምረውበታል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ጎረቤት እንዳይቆጣን በጣቶቻችን ጫፍ ብቻ ስናጨበጭብ የኖርን ሰዎች ከበሮ መምታታችንን የሰማነው ከእርስዎ ነው።

ኮምፒውተር የምጠላ ኋላ ቀር አድርገው እንዳይቆጥሩኝ እለምናለሁ፤ እኔም ያለ ጂፒኤስ ሳልሚያ አልደርስም። ካሴት ይኮሻኮሻል፣ ይጠላለፋል፣ በዚህ አገር ሙቀት ይጣመማል። ግን የሰማውን ሁሉ ይይዛል፤ ይህ ይጠቅማል፣ ያ አይጠቅምም ብሎ አይመርጥም። መምረጥ ግድ ከሆነም መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

፬. ካሴቶቹ ቦታ ስለያዙ በመጪው ዓርብ ከአሮጌው ዕቃ ጋር እንደሚጣሉ ከዋትስአፕ ማስታወቂያዎ ተረድቻለሁ። ካሴቱን እንዲሰጡኝ ሦስት ጊዜ ጠይቄ የኅብረት ንብረት ለግለሰብ እንደማይሰጥ ነግረውኛል። ለግለሰብ የማይሰጥ ንብረት ለቆሻሻ መኪና እንዴት እንደሚሰጥ ባይገባኝም ደንብ አክባሪነትዎን አደንቃለሁ።

ወንድም ቢንያም፣ ቀልዱ እዚህ ላይ አለቀብኝ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኔም እንባው አልገደደኝም፣ የቸገረኝ ካሴቱ ነው። አገር ቤት ያለችው የሰባት ዓመት ልጃችን ኢየሩሳሌም የእናቷ ድምፅ እየጠፋባት መሆኑን ነግራኝ አልቅሳብኛለች፤ እውነቱን ለመናገር እኔም እየጠፋብኝ ነው። በአረንጓዴ ብዕር ቀኑ የተጻፈበትን አንዱን ካሴት ብቻ ይስጡኝ። ሌላውን ከፈለጉ እኔው በመኪና ወስጄ እጥልልዎታለሁ።

ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዓርብ ከቆሻሻ መኪናው ቀድሜ በአዳራሹ ደጃፍ በትሕትና የምቆመው ታናሽ ወንድምዎ፣

ጴጥሮስ፣
የኅብረቱ የቀድሞ ቴፕ ቀጂ

ማስታወሻ፦ አልበሙን ዩቲዩብ ላይ ሲጭኑ ከዘማሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ የአሰለፈችን ስም በማስፈርዎ ልዩ ምስጋና አቀርባለሁ። ልጄ ስሙን አንብባ እናቷ የትኛዋ እንደሆነች ለመለየት ከጧት እስከ ማታ እያዳመጠች ነው፤ ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደምትገኝ ቢጽፉልኝ እነግራታለሁ።