በእንሰት ቅጠል የቀረበልኝ ምሳ

ጨንቻ፣ ማክሰኞ ኅዳር 14 ቀን 2003 ዓ.ም.

ዛሬ አከራዬ እማማ ዘነበች ምሳዬን ለብቻዬ በእንሰት ቅጠል አቀረቡልኝ። እስከ ትናንት ከልጆቻቸው ጋር በአንድ ትሪ ነበር የምበላው። በቅጠል የሚሰጠው ለሸክላ ሠሪዎች ነው፤ የቤቱን ዕቃ እንዳይነኩ፣ ቅጠሉም ተበልቶበት እንዲጣል። ለማስተርስ ጥናቴ ስንት ገጽ ጽፌበታለሁ! ዛሬ ግን ቅጠሉ እኔው ፊት ተቀመጠ።

ትናንት ሸክላ ሠሪዋ አልማዝ ቤት ቆጮ በልቻለሁ። ያየ ሰው ነግሯቸዋል።

"እማማ፣ ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋሽም ልጄ። እኔማ እወድሻለሁ። ግን ጎረቤት ቤቴ መምጣት ይተዋል። ሁለተኛ እዚያ እንዳትበዪ።" ቅጠሉን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። "በይ ብዪ፣ ይቀዘቅዛል።"

በላሁ። ምን ላድርግ? እሳቸው ካስወጡኝ በዚህ ሰፈር በሩን የሚከፍትልኝ የለም፤ ጥናቱም እዚሁ ያበቃል። አርባ ምንጭ ላለው አማካሪዬ ደውዬ ብነግረው "በጣም ጥሩ መረጃ ነው፣ በደንብ ጻፊው" አለኝ። የምን ጥሩ!

ነገ አልማዝ ጋ ቀጠሮ አለኝ። ትናንት ስበላ አይታ፣ "ሸክላ ሊገዛ የሚመጣው ሁሉ ጠግቤያለሁ ነው የሚለኝ። አንቺ ግን በላሽልኝ" ብላ ልጆቿን ጠርታ አሳየቻቸው። ነገም ታቀርብልኛለች። የምመልስላትን ከወዲሁ አውቄዋለሁ።

ጠግቤያለሁ እላታለሁ።