ቮልቴጅ ሳይጨመርለት ስለፈጠነው ካርድ

ለተከበሩ አቶ ቴዎፍሎስ
የገደል አፋፍ የወጣቶች ማሠልጠኛ ማዕከል ኃላፊ
ደባርቅ

ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎም የማይነቃነቅ ይሁንልዎ እያልኩ በትሕትና ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ከሥራ ያሰናበቱኝ የኮምፒውተር አሠልጣኝ ማርያማዊት፣ አምላክ ይመስገን፣ እንቅልፌን እየጠገብኩ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ጋሼ ያርጋል ዕድሜያቸውን ሙሉ በሊማሊሞ ቁልቁለት የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። የማዕከላችን ሠልጣኝ የሆነችው ልጃቸው ድንቅነሽ መኪናውን ልንዳ ብትላቸው «መጀመሪያ ገደል ሳትገቢ ስትወርጂ ልይ» አሏት። ገደል ገብቶ የተማረ ስለሌለ፣ እሳቸው መታጠፊያዎቹን አንድ በአንድ እየነገሩኝ፣ በማዕከሉ ኮምፒውተር ላይ በመሪ የሚነዳ ሊማሊሞ ሠራሁ። ምስሉን የሚያወጣው የኮምፒውተሩ ግራፊክስ ካርድ ግን አርጅቷልና መታጠፊያ ላይ ሲደረስ ምስሉ ቀጥ ይላል፤ ሲመለስ መኪናው አየር ላይ ነው። አዲስ ካርድ ብንጠይቅዎ «በእጃችሁ ባለው ተጠቀሙ» አሉን። ምክርዎን አክብሬ፣ ቮልቴጁን ፋብሪካው እንደተወው ትቼ የካርዱን ፍጥነት ብቻ ጥቂት በጥቂት ከፍ አደረግሁ። አንዴ አብዝቼ ስክሪኑ ጠቆረብኝ፤ መለስ አደረግሁትና ሙቀቱን እየተከታተልኩ ቀኑን ሙሉ አሠራሁት፤ ጸና። የደባርቅ ብርድም እንደ ማራገቢያ አገዘኝ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

፩. «ፋብሪካው ያላዘዘውን ፍጥነት ማዘዝ ድፍረት ነው» ብለው ስላስጠነቀቁኝ አመሰግናለሁ። ፋብሪካው እንደወከለዎት አላወቅሁም ነበር። ጥበቡን ግን የቀሰምኩት ደመወዝ ሳይጨምሩ ሥራ ከሚጨምሩልን ከእርስዎው ነው።

፪. ለማንም ሳይነግሩ ካርዱን ወደ ድሮ ፍጥነቱ ያስመለሱት ድንቅነሽ በአባቷ ፊት በምትፈተንበት ዕለት ስለሆነ፣ ቀን አመራረጥዎን አደንቃለሁ። መታጠፊያው ላይ ምስሉ ቀጥ አለ፤ ገደል ገባች። ጋሼ ያርጋል ብድግ ብለው «የእውነት ቢሆን ይኸኔ ለቅሶ ላይ ነበርን» አሉና የመኪናውን ቁልፍ ኪሳቸው ከተቱ። እሷ በር ላይ ቆማ ስታለቅስ እርስዎ በአጠገቧ ሲያልፉ «ድሮስ ለሴት ይሆናል?» ብለው ማጽናናትዎን ከተማው ሁሉ ያነሣዋል።

፫. እንግዶች ከጎንደር በመጡ ጊዜ፣ ከነሙሉ ልብስዎ መሪው ፊት ተቀምጠው ገደል ገቡ። ደገሙት፤ ገቡ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲገቡ እንግዶቹ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ያኔ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ያንን ነገርሽን መልሺው» ማለትዎ የአስተዳደር ብስለት ነው። የካርዱን ፍጥነት መልሼ ከፍ አደረግሁት፤ እርስዎ ስልክ ተደወለልኝ ብለው ሲወጡ ድንቅነሽ ተቀመጠች። ጋሼ ያርጋል ከኋላዋ ቆመው ወንበሯን ይዘው፣ «ማርሽ ቀንሺ… አሁን ልቀቂ… ጎሽ» ይላሉ። ቁልቁለቱን ጨርሳ ሜዳ ስትይዝ፣ አባቷ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው መዳፏ ላይ አኖሩት። ጭብጨባው ሲጀመር እርስዎም ስልክዎን ጨርሰው ደረሱ፤ እጅ ነሥተውም ተቀበሉ።

ከዚያ በኋላ «የመንግሥትን ንብረት ያለ ፈቃድ በማፍጠን» ስላሰናበቱኝ ቅር አላለኝም። እንዲህ ያለ ወንጀል በሀገራችን ሲፈጸም የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ድንቅነሽ ባለፈው ሳምንት እውነተኛውን ሊማሊሞ፣ አባቷን ከጎኗ አስቀምጣ፣ እህል ጭና ወርዳለች። እኔም ጋቢናው ውስጥ ነበርኩ፤ እሷ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ እኔ ዓይኔን ሳልገልጥ፣ በሰላም ደርሰናል።

ፍሬንዎ የጸና፣ መታጠፊያዎም የሰፋ ይሁንልዎ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ማርያማዊት
ያለ ፈቃድ አፍጣኝ

ማሳሰቢያ፦ በቦታዬ የቀጠሩት የእህትዎ ልጅ ትናንት ደውሎ ኮምፒውተሩ በየት በኩል እንደሚበራ ጠይቆኝ በደስታ አስረድቼዋለሁ። አስቀድሞ ሶኬቱን መሰካት እንዳለበት ግን የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ ለእርስዎ ትቻለሁ።