ዘይነብ ለሐኪሙ ያቀረበችው ጥያቄ

ሰኞ፣ ኅዳር 8፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
መብራት አለ። አራቱም ኮምፒዩተሮች ይሠራሉ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አምስት ሴቶች፤ በቤታቸው የሚናገሩት የበርታ ቋንቋ ነው፣ አማርኛን ከእኔ ይማራሉ። ኡስታዝ ይሉኛል፣ መምህር ማለታቸው ነው። የዛሬው መልመጃ፦ ቃላት ተዘበራርቀው ይቀርባሉ፤ ተማሪዋ በማውስ እየጎተተች ጥያቄ ታቀናለች፤ ሲስተካከል ሳጥኑ አረንጓዴ ይሆናል። ማሽኑ አይቆጣም።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ በሠፈራው ዘመን፣ በሣር ክዳኑ ክፍል ሳስተምር፣ ጠያቂው ሁልጊዜ እኔ ነበርሁ። ተማሪ ሲጠይቀኝ ድፍረት ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
ወ/ሮ ዘይነብ፣ ከሆሞሻ መጥታ ገበያ ላይ ደረቅ ባምያ የምትሸጠው፣ ቃላቱን እንድለውጥላት ለመነችኝ። የሴት ልጇ ግራ ዓይን ደፍርሷል። ዓርብ ሐኪም ዘንድ ይቀርባሉ። እስከ ዛሬ ገብቶ ሐኪሙን የሚጠይቅላት የባሏ ወንድም ነው፤ ሲወጣ «ደህና ናት» ይላታል፤ ሌላ የለም። አሁን ራሷ መጠየቅ ትሻለች። «ዶክተር፣ የልጄ ዓይን ይድናል ወይ? ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ወይ?» በየሳጥኑ አስገባሁላት። ደጋግማ አቀናችው።

ጓደኛዋ ፋጡማ ተረበቻት። «ዶክተሩም አረንጓዴ ይሆንልሻል!» ከሁሉ የበለጠ የሳቀችው ዘይነብ ናት።

ሐሙስ
ማሽኑን ሳታይ ትጠይቃለች። ያለ ስሕተት። ኩራት ተሰማኝ፤ አልክድም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፤ ከሰዓት በኋላ
ትናንት ሐኪሙን ጠይቃዋለች። አንዲት ቃል ሳትስት። ጥያቄዋ እጅግ ቢያምር ሐኪሙ አማርኛ አዋቂ መሰለችው፤ ረጅም መልስ በፍጥነት ሰጣት። አልገባትም። «እሺ» ብላ ወጣች። ሐኪሙ ከሰጣት ወረቀት ላይ፣ ጽሕፈቱ አልነበብ ብሎኝ፣ «ማክሰኞ» የምትለውን ብቻ ለይቼ አነበብሁ። ለቀዶ ሕክምና ይሁን ለምርመራ፣ አናውቅም።

«ኡስታዝ፣ ጥያቄ ሰጠኸኝ። መልሱንስ በምን ልያዘው?»

ማሽኑ አረንጓዴ ከመሆን በቀር መልሶላት አያውቅም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

እሑድ
አዲስ መልመጃ። ድምፄን ቀዳሁ፣ በሐኪም ፍጥነት። ተማሪዋ አስቁማ «አልገባኝም፣ ምን ማለት ነው?» የሚለውን ካላቀናች ማሽኑ ወደፊት አይሄድም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15
ዘይነብ ድምፄን አምስት ጊዜ አስቆመችው። «ቆይ! ቀስ በል አንተ ሽማግሌ!» ትለዋለች ማሽኑን፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ነገ ገብቼ ልጠይቅልሽ ብላት አልተቀበለችም። «አንተ ከጠየቅህ አንተ ትሰማለህ። ያው የባሌ ወንድም ሆንህ።»

እውነቷን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሳሰላስለው አላድርም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል
አብሬያቸው እሄዳለሁ። ወደ ሐኪሙ ክፍል ግን አልገባም። ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ፤ የቱንም ያህል ብትቆይ አላንኳኳም።