ያው ሦስቱ ናቸው

ሶፖር፣ ዓርብ፣ ጥር 9። በረዶ ይጥላል፤ እኔና አማቴ እሳት ዳር ነን።

ወንድም ጋሼ ናዚር፣ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ በጤና ያግኝህ። እኛ ደህና ነን። የፖም ዛፎቹን መግረዝ ጀምረናል፤ ልጄ ኢሽፋቅ መጋዙን ሊያስሞርድ ማክሰኞ እንደ ወጣ ነው።

ከወንዙ ማዶ ተኩስ ነበር። ቴሌቪዥኑ «ሦስት አሸባሪዎች ተደመሰሱ» አለ። ከድንበር ወዲያ ያለው ራዲዮ ደግሞ «ሦስት ሰማዕታት» አለ።

አማቴ፣ «አይ እነዚህ! ስድስት ሰው ሞተ በይኛ» አለች።

«ያው ሦስቱ ናቸው፣ እማማ።»

«ታዲያ የማን ልጆች ናቸው?»

እሱን አንዳቸውም አልተናገሩም።

ቅዳሜ ጠዋት። የኢሽፋቅን ፎቶግራፍ በመሃረብ ጠቅልዬ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። በር ላይ ያለው ወታደር፣ «ምን ፈልገሽ ነው፣ እናቴ?» አለኝ።

«መንገዱ ተከፍቶ እንደሆነ ልጠይቅ ነው» ብዬው ተመለስኩ።

ልጆችህን አንድ በአንድ ሳምልኝ።

እህትህ ዙና