ዕቃ ልታመጣ ሄዳለች

እማዬ፣ አላህ ቀብርሽን ያብራልሽ።

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ዳንግላ ያለውን ሱቅሽን እኔው ይዤዋለሁ። ጣሪያውን አሳድሼዋለሁ፤ የጓዳውን መጋረጃ ግን ልቀይረው እጄ አልታዘዝ አለኝ።

የወር አበባሽ በመጣ ቁጥር ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ፎጣ ነክሰሽ ትተኚ ነበር። ደንበኛ ከጠየቀ ዕቃ ልታመጣ ባሕር ዳር ሄዳለች በዪ ትዪኛለሽ፤ እላለሁ። ሰፈርተኛው በየወሩ ዕቃ የምታስጭን ትልቅ ነጋዴ ትመስዪው ነበር። ያስቀኛል፤ ቆይቶ ደግሞ ያንገበግበኛል። ለሌላው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልሽ የምትመክሪው አንቺው አልነበርሽ?

መጨረሻ ላይ እውነትም ባሕር ዳር ሄድሽ፣ በአምቡላንስ። ሐኪሙ አንጀቷ ተጣብቆ ተዘግቷል፣ ከዚህ በፊት ያማት ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ልጅሽ፣ አሟት አያውቅም አልኩት። ምላሴ የለመደው እሱን ነው። እውነቱን ብነግረው ትተርፊ እንደሆን አላውቅም። ይቅር በይኝ፣ እማ።

ያንቺ ሕመም እኔንም ይዞኛል። ደብቄው ቆየሁ። ዘንድሮ እንጅባራ ሐሙስ ሐሙስ የማሕፀን ሐኪም ታያለች ሲባል በሚኒባስ ሄድኩ። ወረፋው ላይ ከፊቴ አንዲት ከዘንገና የመጣች እናት ልጇን ይዛ ተቀምጣለች፤ ነርሷ በአገውኛ ታናግራቸዋለች። ከገበያ የለቀምኳት አገውኛ አለችኝና ሰማኋቸው፤ እናትየዋ ስትወልድ ይተዋታል ትላለች። አንቺንም እንዲሁ ብለውሽ ነበር፤ እኔን ወልደሽም አልተወሽም።

ተራዬ ሲደርስ ደህና ነኝ ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ መጋረጃው ታየኝና የኔንም ያንቺንም አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። ሐኪሟ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስሙ ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው አለችኝ፤ የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን የመሰለ ነገር ከማሕፀን ውጭ እየበቀለ ነው የሚያሳምመው፤ አንጀትንም ያጣብቃል። አንቺ ስሙን እንኳ ሳትሰሚ ሄድሽ። ጨርሶ አይድንም ብላኛለች፤ ግን መድኃኒቱን ከጀመርኩ ወዲህ ቆሜ እሸጣለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ሱቁን ስቆልፍ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ዕቃ ልታመጪ ነው ወይ አሉኝ። አይደለም፣ የማሕፀን ሕመም አለብኝ፣ ሐኪም ቤት ልሄድ ነው አልኳቸው። እሳቸውም ልጃቸውን ይዘው ለመምጣት ሐኪሟ የምታይበትን ቀን ጠየቁኝ።

እማዬ፣ ዱዓ አላጓድልብሽም። ስላንቺ የጠየቀኝን ሰው ግን ከእንግዲህ አልዋሸውም። እናቴ ታምማ ነበር እለዋለሁ።