ያቺ የሩዝ መንደርህ

ተሼ ጌታዬ፣

እንደምን ሰንብተሃል አልልህም፤ ያለህበት አገር መሰንበት የሚባል ነገር መኖሩን አላውቅም። ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሁለተኛው ሁዳዴ ገብቷል። እኛ ደህና ነን። መኪናህን ሎረል ለሚኖረው ልጅህ ሰጠሁት፤ በሳምንቱ ከኋላ አስመትቶት መጣ። በርክ የምትኖረው ልጅህ አርግዛለች። ወንድ ከሆነ የመሃል ስሙ ተሾመ ይሆናል ብላለች፤ ባሏ ካሁኑ ስሙን መጥራት እየተለማመደ ነው። የሲልቨር ስፕሪንጉ ቤታችን እንዳለ ነው። በረንዳ ላይ በባልዲ የዘራኸው ሩዝ ግን ደርቆብኝ ጣልኩት። አትቀየመኝ፤ ውሃውን ስታጠጣ አይቼሃለሁ እንጂ ልኩን አስተምረኸኝ አታውቅም።

ይህን የምጽፍልህ ግን ወሬ ልነግርህ ብቻ አይደለም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፤ ሆዴ እምቢ አለኝ።

የአርሊንግተኑ መሥሪያ ቤትህ ለመስኖ ሥራ ኢንዶኔዥያ ሲልክህ ሻንጣህን ያዘጋጀሁልህ እኔ ነኝ። ሥራው አለቀ፣ ኮንትራቱ ተዘጋ። አንተ ግን በየዓመቱ ሩዙ ሲደርስ የዕረፍት ጊዜህን ይዘህ እዚያችው መንደር መሄድህን ቀጠልክ። ሱንዳ የሚባሉ ሰዎች አገር ነው፣ የመንደሯ ስም በ«ቺ» ይጀምራል፣ ቺ ማለት ውሃ ነው አልከኝ። ተራራው እንደ ደረጃ ተቆርጦ ውሃው ከማሳ ማሳ እንዴት እንደሚወርድ፣ በየቤቱ ደጃፍ የዓሣ ኩሬ እንዳለ፣ ቅጠሉን ጥሬውን በሚጥሚጣ እንደሚበሉ ነገርከኝ። ማን ያበስልልሃል ብዬ ስጠይቅህ ግን «ሁሉም» አልከኝ። ተሼ፣ ሁሉም የምትባል ሴት አላውቅም።

ደግሞስ ሩዝ ከሆነ ፎገራ ሞልቷል! የተወለድክበት፣ ገበሬ ስታስተምር የኖርክበት አገር። ለእናትህ ተዝካር ፈቃድ አልሰጡኝም ብለህ የቀረህ ሰው፣ ለማያውቁህ ሰዎች አጨዳ ፈቃድ ከየት ይመጣልህ ነበር? ዝም አልኩህ እንጂ አልተኛሁልህም።

ከሄድክ በኋላ ልብስህን ለቤተ ክርስቲያን ልሰጥ መሳቢያህን ስከፍት፣ ካልሲ ውስጥ የተጠቀለለች ነገር አገኘሁ። መዳፍ የማትሞላ እንጨት፣ ጠርዟ ላይ ቀጭን ምላጭ የተሰካባት፣ ከጀርባዋ አጭር የቀርከሃ እጀታ ያላት። እጀታው ከመያዝ ብዛት ለስልሷል። በእጄ ስይዛት ልክክ አለች። የሴት እጅ ልክ ናት፤ ያንተ መዳፍማ አካፋ ነበር። እንግዲህ ሰው የሴት ዕቃ ካልሲ ውስጥ የሚደብቀው ለምንድን ነው?

በሙት ዓመትህ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ጠበል ጸዲቅ እየታደለ ሳለ አንዲት ሻሽ ያጠለቀች የሩቅ አገር ሴት ልጇን ይዛ ገባች። ሊሊስ እባላለሁ፣ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው፣ ትውልዴ ከዚያች መንደር ነው፣ ሙት ዓመቱን ሰምቼ መጣሁ አለችኝ።  የእኛን አገር ነገር ታውቀዋለህ፤ የወንድ የተደበቀ ልጅ ብቅ የሚለው ድንኳን ሲጣል ነው። ጎረቤታችን አስካለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ልጅቷን አየሻት ወይ አለችኝ። አይቻታለሁ እንጂ! ግንባሯን አየሁ፣ ጣቶቿን አየሁ፣ ጆሮዋን ሦስቴ ዞሬ አየሁ። ጆሮዋ ወጣ ያለ ነው፣ እንዳንተው። ካህኑ የማሳረጊያውን ጸሎት ሲያደርሱ እኔ ጆሮ እመረምር ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሉት ይህንን ነው።

ለልጃችን ብነግራት «ማሚ፣ ኦቨርቲንክ እያደረግሽ ነው፣ ጀስት ኮል አድርጊያት» አለችኝ። ስልኳን ያን ዕለት ትታልኝ ነበር፤ ደወልኩ። ቅዳሜ ዕለት ያቺን ምላጭ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ሻይዋን ሳልነካ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። ሊሊስ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ይህ በእኛ አገር የሴቶች ማጭድ ነው አለችኝ። እኔ «የሴቶች» ያለችውን ብቻ ነው የሰማሁት።

ከዚያ አስረዳችኝ። ለወግ የሚዘሩት ረጅም ሩዝ አለ፤ እሱ በትልቅ ማጭድ አይቆረጥም። ሩዙ ነፍስ አለው፣ ስለት ካየ ይደነግጣል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ሴቶቹ ይህችን ምላጭ በመዳፋቸው ሸሽገው ዛላውን አንድ በአንድ ይቀነጥሳሉ። አንተ ከወንዶቹ ጋር ነዶ ተሸከም ብትባል እምቢ ብለህ ከአሮጊቶቹ መሃል ገባህ አሉ። ሲስቁብህ ሰንብተው በመጨረሻ ከማጭዶቻቸው አንዷን ሰጡህ።

እያወራን የልጅቷ አባት ከሥራ ገባ። ጆሮው በበሩ ቀድሞት ነው የገባው። ስለ ጆሮ ነገር ከዚያ በኋላ አላነሳሁም።

ከመንደሯ የላኩላትን የአጨዳ ቪዲዮ ስልኳ ላይ ከፈተችልኝ። አንተ ነህ። ሱሪህን ጠቅልለህ፣ ጭቃ እስከ ጉልበትህ፣ አሮጊቶች ከበውህ ትስቃለህ። ተሼ፣ እንዲያ ስትስቅ አይቼህ አላውቅም። የጎደለው የመንጋጋ ጥርስህ ሁሉ ይታያል። አንዷ በሻሿ ጫፍ ግንባርህን ስትጠርግልህ ግን አስቆምኩትና ስንት ዓመቷ ነው ብዬ ጠየቅኩ። የልጅ ልጆቿ ወልደዋል አለችኝ። ይሁን ብያለሁ።

መንገድ ላይ እያለቀስኩ ተመለስኩ። ሴት ስፈልግ ነው የከረምኩት። ሴት ብትሆን አውቅበት ነበር፤ እረግማታለሁ፣ ፎቶህን ከግድግዳ አወርዳለሁ፣ ይወጣልኛል። ከአንድ መንደር ሙሉ ጭቃ ጋር ግን ምን ብዬ ልጣላ? እኔ ጋ የነበረው ሰው ከሥራ ገብቶ ጫማውን አስተካክሎ የሚያስቀምጥ፣ ዜና አይቶ የሚተኛ ነው። የሚስቀው ሰውዬ እዚያ ነበር።

ፎገራን ለምን እንደተውክም የገባኝ ያን ቀን ነው። አብረን የሄድን ጊዜ ወንድሞችህ ወንበር አውጥተው ከማሳው ዳር አስቀመጡህ። ጫማህን ልታወልቅ ስትል፣ ኧረ በሞትኩት፣ ካሜሪካ መጥተህ ጭቃ ልትረግጥ ነው ብለው እግርህን ያዙህ። በክብር አባረሩህ። አንተም እንግዳ መሆን ሰልችቶህ፣ በማያውቁህ ዘንድ ገበሬ ልትሆን ሄድክ። ይህንን ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ሊሊስ ስትሸኘኝ ያለችኝን ግን እስካሁን መዋጥ አልቻልኩም። አሮጊቶቹ በየዓመቱ ሚስትህን ለምን አታመጣትም ሲሉህ፣ እሷ ጭቃ አትወድም ትላቸው ነበር አሉ።

እኔ? የደንቢያ ልጅ? የደንቢያ ዋልካ ጫማዬን እየዋጠብኝ፣ እግሬን በሁለት እጄ እየነቀልኩ ትምህርት ቤት የተመላለስኩ? አርሞ ስናርም በጭቃ ተወራውረን የማንተዋወቅ ሆነን ወደ ቤት የምንገባ? ሳሎንህን አጽድቼ ስለጠበቅኩህ ጭቃ የማልወድ መሰለህ?

ለመጪው አጨዳ ሊሊስ አገሯ ስትገባ አብሬያት ልሄድ ነው። ልጆችህ አብደሻል ብለውኛል፤ በእድሜዋ የሩዝ ማሳ ይላሉ። እሄዳለሁ። አሮጊቶቹ ዓይናቸው እያየ ጭቃው ውስጥ እገባለሁ፤ ባሌ ዋሽቷችኋል እላቸዋለሁ።

ስምህን በየቅዳሴው አስጠራለሁ፤ መቃብርህን ሣር አላስበላውም፤ ለሚወለደውም ልጅ ስለ አንተ እነግረዋለሁ፣ የሳቅከውን ጨምሬ። እስክሞት አልረሳህም። እዚያ ስንገናኝ ግን ከሰላምታ በፊት አንድ ነገር ትመልስልኛለህ፤ አንድ ቀን እንኳ እንሂድ ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?

ባለቤትህ ጽጌ